ለውጭ አገር የሥራ ልምምድ የሚያስፈልገው ፈቃድ፦ ከጎንደር ለሚነሱ

ውጭ አገር ባለ ድርጅት ውስጥ ገብቶ ለመሠልጠን የሚያስፈልገው ነገር በተለምዶ «ቪዛ» ተብሎ ይጠቃለላል እንጂ በውስጡ ሦስት ፈቃዶች አሉ፤ ወደ አገሩ መግቢያው ቪዛ፣ እዚያ መቀመጫው የመኖሪያ ፈቃድ፣ በድርጅቱ ውስጥ እጅን ለማሟሸት ደግሞ የሥራ ፈቃድ። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የመኖሪያውንና የሥራውን ፈቃድ በአንድ ካርድ አጣምረው ይሰጣሉ። የሥራ ፈቃዱን አመልካቹ ጎንደር ተቀምጦ ለብቻው ሊያወጣው አይችልም። ፈቃዱ የሚመነጨው ከተቀባዩ ድርጅት ጋር ከሚፈረመው የሥልጠና ውል ነው። ስለዚህ «ሥራ ፈቃዱን ከነቪዛው እጨርሳለሁ፣ ድርጅቱ በኋላ ይገኛል» የሚል ደላላ የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

ከጎንደር የሚነሱት አመልካቾች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ከመካከላቸው የጤና ባለሙያ አይታጣም። ሁለተኞቹ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በደረጃ ሠልጥነው የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) የያዙ ወጣቶች ናቸው። የሁለቱ መንገድ የተለያየ ነው፤ ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚባክነውም አንዱ በሌላው መንገድ ሲሄድ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሰው መንገድ

የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2016/801 ከኅብረቱ ውጭ የሚመጡ ተለማማጆችን በስም ጠቅሶ ያስተናግዳል፤ ዴንማርክና አየርላንድ አልገቡበትም። አመልካቹ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ያለ መሆን አለበት፤ ካልሆነም ዲግሪውን ያገኘው ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሊሆን ይገባል። ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው በዚህ በር አይገባም፤ ውጤቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን። የሚሰጠው ፈቃድ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ የልምምዱ ውል ከዚያ ካጠረም በውሉ ልክ ነው። አገሮቹ ረዘም ላለ ልምምድ ፈቃዱን ሊያስረዝሙ፣ አንድ ጊዜም ሊያድሱ ይችላሉ። መልስ የሚሰጠው የተሟላ ማመልከቻ ከገባበት ጀምሮ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ልብ በሉ፣ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ሲሟላ ነው። አንድ ወረቀት ከጎደለ ቆጠራው ይቆማል።

ጀርመን ከዚህ ሌላ የራሷ መንገድ አላት። ቢያንስ አራት ሴሚስተር የጨረሰና በልምምዱ ወቅትም ተመዝግቦ የሚቆይ ተማሪ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ልምምድ እስከ 12 ወር ድረስ ማድረግ ይችላል። የጀርመን ፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ አስቀድሞ ዕቅዱን አይቶ ስምምነቱን በጽሑፍ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይቀርባል። እዚህ ላይ የሚሰናከሉት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ ልምምዱ ከምርቃት በኋላ እንዲጀምር ሲዋዋሉ በዚያ ቀን ተማሪ አይደሉምና ስምምነቱ ይቀርባቸዋል። መፍትሔው የሚጀምርበትን ቀን ማስቀደም ወይም በኅብረቱ መመሪያ መሠረት ማመልከት ነው።

ወደ አሜሪካ የሚያስገባው የልውውጥ ቪዛ በሌላ ሥርዓት ይሄዳል። ፈቃድ ያለው ስፖንሰር ድርጅት የመግቢያ ሰነዱን ያወጣል፣ የሥልጠና ዕቅዱም በተወሰነ ቅጽ ተሞልቶ ይፈረማል። ለኢንተርን እስከ 12 ወር፣ ለሠልጣኝ እስከ 18 ወር ነው። ከተመረቀ ከ12 ወር በላይ የሆነው ሰው ኢንተርን መባሉ ይቀርና በሠልጣኝነት ለመግባት የአንድ ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል።

የሙያ ሠልጣኝ መንገድ፦ አውስቢልዱንግ

ከቴክኒክና ሙያ ለሚወጣው ወጣት ዋናው በር የጀርመኑ የሙያ ሥልጠና ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ሠልጣኙ ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን በሙያ ትምህርት ቤት፣ የቀረውን በድርጅቱ ያሳልፋል፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። የአገራችን የትብብር ሥልጠና ሐሳቡ ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ያለው ሠልጣኝ የድርጅቱ ሠራተኛ ሆኖ መመዝገቡ ነው። ሥልጠናዎቹ በአብዛኛው ኦገስት 1 ወይም ሴፕቴምበር 1 ይጀምራሉ፤ በእኛ ሐምሌ 25 ወይም ነሐሴ 26 መሆኑ ነው። ከዚህ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲቆጠር ውሉ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ መፈረም፣ የቋንቋ ፈተናው ደግሞ እስከ ጥር መጠናቀቅ ይኖርበታል። በሰኔ «ውል አገኘሁ» ብሎ ለነሐሴ መሮጥ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀጣዩ ዓመት መሻገር ነው።

የቋንቋ መነሻው ጀርመንኛ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ነው፤ ነርስ ለመሆን የሚሠለጥኑትን ብዙ ተቋማት ቢ2 ይጠይቃሉ። ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 650 የሚደርሱ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጋሉ፤ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለሚማር ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ወር ያህል ነው። የጎቴ ኢንስቲትዩት ፈተና አዲስ አበባ ይሰጣል፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ከ100 60 ማግኘት ግዴታ ነው። በማዳመጥ ብቻ የወደቀ ሰው ያንኑ ክፍል ለብቻው መድገም ይችላል። የቋንቋውን ወረቀት በግዢ ያገኘ ሰው በኤምባሲው መስኮት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲጠየቅ ይጋለጣል፤ የሐሰት ሰነድ ማቅረብ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሚገቡ ማመልከቻዎች ሁሉ ላይ ጥላ ይጥላል።

ውልና የሥልጠና ዕቅድ

የውሳኔው እምብርት ይህ ነው። የኅብረቱ መመሪያ ውሉ የሥልጠናውን ይዘትና የትምህርት ዓላማ፣ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የምደባና የክትትል ሁኔታ፣ የሥራ ሰዓቱን፣ በተለማማጁና በድርጅቱ መካከል ያለውን ሕጋዊ ግንኙነት እንዲይዝ ያዛል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ድርጅቱ ራሱ የሚያስተካክለው እንጂ አመልካቹ በብዕር የሚጨምረው አይደለም።

ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የሚሄደው ለመማር ነው ወይስ በርካሽ ለመሥራት? «አመልካቹ በፓምፕ ፋብሪካችን ውስጥ በማምረቻ ክፍል ያግዛል» የሚል አንድ መስመር ያለው ደብዳቤ ለዚህ ጥያቄ የከፋ መልስ ነው። አንድ የአራተኛ ዓመት ሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ለ24 ሳምንት የሚሄድ ቢሆን ዕቅዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት የደኅንነት ሥልጠናና የመለኪያ መሣሪያዎች፤ ከ4ኛ እስከ 10ኛ የፓምፕ ክፍሎች ንድፍ በኮምፒውተር፤ ከ11ኛ እስከ 18ኛ የግፊትና የፍሰት ሙከራ፣ የውጤት ትንተና፤ ከ19ኛ እስከ 24ኛ የጥገና ዕቅድ ማዘጋጀትና የማጠቃለያ ሪፖርት። በየክፍሉ የሚከታተለው ሰው ስምና ኃላፊነት ይጻፋል። ከዚያ በላይ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ይህ ልምምድ ከየትኛው ኮርስ ጋር እንደሚያያዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጨምር፣ የጥያቄው ግማሽ ተመለሰ ማለት ነው።

ለአውስቢልዱንግ ዕቅዱ በሙያው ደንብ የተወሰነ ስለሆነ ይህ ድካም ይቀላል። ነገር ግን የኢንዱስትሪ፣ የንግድና የዕደ ጥበብ ሙያ ውሎች በሚመለከተው የንግድ ወይም የዕደ ጥበብ ምክር ቤት መመዝገብ አለባቸው፤ ያልተመዘገበ ውል ይዞ ኤምባሲ መቆም ከንቱ ነው። ድርጅቱ ቸኩሎ ከሆነ 411 ዩሮ ከፍሎ በአካባቢው የውጭ ዜጎች ቢሮ የተፋጠነውን ሂደት መጀመር ይችላል። ቅድመ ስምምነቱ ከወጣ በኋላ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ከዚያም በሌላ ሦስት ሳምንት ይወስናል። ይህን የሚጠይቀው አሠሪው ብቻ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ካላወቀው አመልካቹ በትሕትና ማስታወሱ ነውር የለውም።

ከጎንደር የሚሰበሰቡ ሰነዶች

ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው፤ ብዙውም የሚመጣው ከስምና ከቀን ነው። የኢትዮጵያ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ ቤተሰባዊ ስም የለም። የላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ «ጸጋዬ» በአንዱ ወረቀት «ቲ ኤስ» በሌላው «ኤስ» ይሆናል፤ «ገብረ ሥላሴ» አንዴ ተለያይቶ አንዴ ተጋጥሞ ይጻፋል። ፓስፖርቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ቴምፖው (ጊዜያዊው የምርቃት ወረቀት)፣ ትራንስክሪፕቱና የቋንቋ ፈተናው በአንድ አጻጻፍ እስካልተስማሙ ድረስ ኤምባሲው እንደ ሁለት ሰው ሊያያቸው ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርቱ መጀመሪያ ይውጣ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ አጻጻፍ ይሂድ፤ ለፈተና ሲመዘገቡም ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይገልበጥ።

ቀኑ ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ጥር 5 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ጃኑዋሪ 13 ቀን 2003 ነው። ብዙዎች ግን ዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 7 ደምረው 2002 ይጽፋሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው የሚደመረው። አንዱ ቢሮ በትክክል፣ ሌላው በስሕተት ከለወጠው ማስተካከያው ወራት ይወስዳል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው አመልካች ሁሉ የልደት ምስክር ወረቀቱን የሚያወጣው ዘግይቶ በመመዝገብ ነው፤ ከቀበሌው ይጀመራል። ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የሚወጣው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ይሆናል፤ ፖስታውን ራሱ አመልካቹ ከቀደደው ኦፊሻልነቱ ይቀራል። ኦርጅናል ዲግሪ የሚፈልግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የወጪ መጋራት ዕዳውን ማወራረድ አለበት፤ ይህን ቪዛ ከተቃረበ በኋላ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። የግል ኮሌጅ ዲፕሎማ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል። ከዚያም ሰነዶቹ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣሉ። ከወንጀል ነፃ መሆን የሚያሳይ ወረቀት የሚጠይቅ አገር ከሆነ በጣት አሻራ የሚሰጠው ፌዴራል ፖሊስ ነው። ብዙ ተቀባዮች ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ስለማይቀበሉ መጨረሻ ላይ ማውጣት ያዋጣል።

ገንዘብና ጉዞ

የጀርመን ብሔራዊ (የረጅም ጊዜ) ቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ከዚህ የሚከብደው የኑሮ ማስረጃው ነው። ለተማሪዎች በ2025 እ.ኤ.አ. የተቀመጠው መጠን በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር፤ ያለ ክፍያ ለሚለማመድም መለኪያው ከዚህ አይርቅም። በአውስቢልዱንግ ሕጉ ያስቀመጠው የመጀመሪያ ዓመት ዝቅተኛ ክፍያ በ2025 እ.ኤ.አ. ለጀመሩ 682 ዩሮ ሲሆን፣ በመንግሥት የደመወዝ ስምምነት የሚከፍሉ ሆስፒታሎች ለነርስ ሠልጣኝ ከ1,300 ዩሮ በላይ ይሰጣሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ዝቅተኛው ክፍያ ብቻ ያለው ሰው ድርጅቱ ማደሪያ እንደሚሰጠው በውሉ ካላሳየ የዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ሊጠየቅ ይችላል።

ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከጎንደር በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ፣ የቀጠሮ ሰው ከአዘዞ በአውሮፕላን ቢሄድና ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል። የጀርመን ብሔራዊ ቪዛ ማመልከቻ በኦንላይን የቆንስላ ፖርታል ይጀመራል፤ ሰነዶቹን ስካን አድርጎ በፍላሽ መያዝና ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት ማስገባት የጎንደር ሰው ልማድ ሆኗል። የቀጠሮው ሰዓት በፈረንጅ ነው፤ 9፡00 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከሰዓት ዘጠኝ ላይ የደረሰ ሰው ቀጠሮው አልፏል።

የአገር ውስጥ ሕግ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ እንዲቀበል አይፈቅዱም። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የሰነድ ማረጋገጫ የሠራተኛው። ሥራውን ራሱ ያገኘ ሰው በቀጥታ ቅጥር እንዲሄድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሚያጸድቀው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ክፍያ ላለበት ሥልጠና ትኬት ከመቁረጥ በፊት በዚህ በኩል መጠየቅ ቦሌ ላይ ከሚደርስ መጉላላት ያድናል። «ለኮታ» ወይም «ለግብዣ ደብዳቤ» በእጅ ብር የሚጠይቅ ሰው በሰው መነገድንና ሕገወጥ ድንበር ማሻገርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ከደረሱ በኋላ

ጀርመን የገባ ሠልጣኝ ቤት እንደገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ያስመዘግባል፤ ቪዛው ሳያልቅ በውጭ ዜጎች ቢሮ የመኖሪያ ካርዱን ይጠይቃል። ከሥልጠናው ጎን በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል። ፈቃዱ ከድርጅቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ግን ሳያሳውቁ ወደ ሌላ ድርጅት መዛወር ፈቃዱን ያሳጣል። ያለ ሠልጣኙ ጥፋት ሥልጠናው ከተቋረጠ ሌላ ቦታ የሚፈልግበት እስከ ስድስት ወር ይሰጠዋል፤ በሥልጠናው የመጀመሪያ ወራት ባለው የሙከራ ጊዜ የተሰናበተም ምክንያቱን በጽሑፍ ይዞ ቶሎ ቢሮው ይሂድ።