የህንድ ፖሊስ ቅጥር ፈተና የማትስ ክፍል፦ 38 ጥያቄ፣ በ48 ሰከንድ ሂሳብ

ህንድ ውስጥ ተራ ኮንስታብል (ዝቅተኛው የፖሊስ ማእረግ) ሆኖ ለመቀጠር ያለው ፉክክር የኛን የ12ኛ ክፍል ማትሪክ ጭንቀት የሚያስንቅ ነው። ኡታር ፕራዴሽ የሚባለውን ክልል ብንወስድ፣ ዋና ከተማው ላክናው ነው፣ በ2011 ቆጠራ ወደ 200 ሚሊየን ህዝብ የተቆጠረበት፣ ክልል ይባል እንጂ ሀገር የሚያክል ነው። የክልሉ የፖሊስ ምልመላ ቦርድ በ2023 መጨረሻ (ሁሉም አመተ ምህረት በፈረንጅ ነው) ለ60,244 የኮንስታብል ቦታ ማስታወቂያ ሲያወጣ የተመዘገበው ሰው 48 ላክ ገደማ ነበር። ላክ ማለት በነሱ አቆጣጠር 100,000 ነው፣ ስለዚ 4.8 ሚሊየን ሰው መሆኑ ነው፣ ለአንድ ቦታ ወደ 80 ሰው። መነሻ ደሞዙ በወር 21,700 ሩፒ ሆኖ ጥቅማጥቅም ይጨመርበታል፣ ግን ሰው የሚሻማው ለደሞዙ ብቻ አይደለም፣ የመንግስት ስራ ስለሆነ ነው፤ የመንግስት ስራ የያዘ ልጅ ሰፈር ውስጥ ያለው ክብርም፣ ሽማግሌ ሲልክ የሚሰጠው መልስም ሌላ ነው።

ፈተናው 150 ምርጫ ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ 2 ማርክ፣ ድምር 300፣ ሰአቱ 2 ሰአት። ጠቅላላ እውቀት 38፣ ሂንዲ 37፣ ማትስ 38፣ ሪዝኒንግ የሚሉት የአስተሳሰብ ጥያቄ ደግሞ 37። መልሱ ኦኤምአር በሚባል በማሽን በሚታረም ወረቀት ላይ ክብ እያጠቆሩ ነው የሚሞላው፣ ካልኩሌተር አይገባም። እና 120 ደቂቃን ለ150 ስታካፍሉት ለአንድ ጥያቄ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ የማትሱ ነገር በሙሉ የሚዞረው እዚች ቁጥር ላይ ነው። የዴልሂ ፖሊስ ኮንስታብል ፈተና ለምሳሌ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ከዛ ውስጥ ማትሱ 15 ብቻ ነው። ስለዚ "የፖሊስ ፈተና" እያሉ በጅምላ ከማጥናት የትኛው ክልል፣ ስንት ጥያቄ የሚለውን መጀመሪያ ማየት ነው፣ ማትስ የፈተናውን ሩብ ሲይዝና 15 ጥያቄ ብቻ ሲሆን ዝግጅቱ እኩል አይደለም።

ይዘቱን ያየ ሰው "ይሄማ የ8ኛ ክፍል ነው" ይላል፣ እውነቱን ነው። የቁጥር ስርአት፣ ክፍልፋይና ዴሲማል፣ የጋራ ብዜትና የጋራ አካፋይ፣ ሬሺዮ፣ ፐርሰንት፣ ትርፍና ኪሳራ፣ ቅናሽ፣ ወለድ፣ ሽርክና፣ አማካይ፣ ስራና ጊዜ፣ ርቀትና ፍጥነት፣ ቻርት ማንበብ፣ የቅርጾች ስፋትና ይዘት። ካልኩለስ የለም፣ ትሪጎኖሜትሪ የለም። እኛ ሀገር በጃንሆይ ጊዜ ከህንድ በመጡ አስተማሪዎች የተማሩ ትልልቅ ሰዎች ቢያዩት የድሮ ደብተራቸውን የሚያስታውሳቸው አይነት ነው። ግን የ8ኛ ክፍልን ጥያቄ በተረጋጋ መንፈስ ወረቀት ላይ ዘርግቶ በ3 ደቂቃ መስራትና ያንኑ ጥያቄ በ48 ሰከንድ መጨረስ ፍጹም የተለያየ ችሎታ ነው፣ ብዙ ሰው ማትስ የሚጥለው ሳይችለው ቀርቶ አይደለም፣ ሳይደርስበት ሰአቱ አልቆ ነው ባይ ነኝ።

ለዛ ነው ዝግጅቱ ከፎርሙላ በፊት በሽምደዳ የሚጀምረው። ሽምደዳ ስል የማባዛት ሰንጠረዥ እስከ 12 ሳይሆን እስከ 25፣ አንዳንዱ እስከ 30 ይሄዳል፣ የስኩዌር እስከ 30፣ የኪዩብ እስከ 15። ከዚ ሁሉ ግን በኔ ሚዛን ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ፐርሰንትን ወደ ክፍልፋይ መቀየር ነው። 12.5 ፐርሰንት ሲባል 1/8፣ 16.67 ሲባል 1/6፣ 14.28 ሲባል 1/7፣ 8.33 ሲባል 1/12 ብሎ ወዲያው የሚመጣለት ሰው የጥያቄውን ግማሽ ጨርሶታል። "የ6,400 ሩፒ እቃ 12.5 ፐርሰንት ቅናሽ ተደረገለት" ሲባል አንዱ 12.5 በ6,400 አባዝቶ ለ100 ሊያካፍል ሲታገል ሌላው 6,400 ለ8፣ 800፣ ስለዚ 5,600 ብሎ አጥቁሮ አልፏል።

ሁለተኛው ደረጃ ዘዴ ነው፣ እነሱ ራሳቸው "ትሪክ" ነው የሚሉት። ስራና ጊዜን እንይ። አንዱ ስራውን በ10 ቀን፣ ሌላው በ15 ቀን ይጨርሳል፣ አብረው ቢሰሩስ? ትምህርት ቤት የተማርነው 1/10 ሲደመር 1/15 ብሎ ክፍልፋይ ውስጥ መግባት ነው። የኮቺንግ (ለፈተና የሚያዘጋጅ የግል ማሰልጠኛ) ልጆች ግን የ10 እና የ15ን ትንሹን የጋራ ብዜት 30 ወስደው ስራው 30 ጡብ ነው ይላሉ፣ የመጀመሪያው በቀን 3 ጡብ፣ ሁለተኛው 2፣ አንድ ላይ 5፣ 30 ለ5 ሲካፈል 6 ቀን፣ አለቀ። ክፍልፋይ የሚባል ነገር አልነኩም። ሶስተኛ ሰው መሀል ላይ ጥሎ ሄደ፣ ቧንቧው ሲሞላ ከስር የሚያፈስ ቀዳዳ አለ፣ ምናምን የሚሉት ማወሳሰቢያዎች በሙሉ በዚው ጡብ ይሰራሉ፣ ቀዳዳው ጡብ የሚያፈርስ ሰራተኛ ነው በቃ።

ባቡር ደግሞ አይቀርም። ህንድ ባቡር የሌለበት ፈተና የምታወጣ አይመስለኝም። 150 ሜትር የሚረዝም ባቡር በሰአት 54 ኪሎሜትር እየሄደ 300 ሜትር ድልድይ በስንት ሰከንድ ያልፋል? በሰአት ኪሎሜትሩን በሰከንድ ወደ ሜትር ለመቀየር 54ን በ5/18 ታባዛላችሁ፣ በሰከንድ 15 ሜትር፣ ርቀቱ ድልድዩ ብቻ ሳይሆን ባቡሩም ስለሚጨመር 450፣ መልሱ 30 ሰከንድ። እዚጋ ሰው የሚሳሳተው የባቡሩን ርዝመት ረስቶ ነው፣ ፈታኞቹም ያውቁታል፣ ከምርጫው ውስጥ 20 ሰከንድን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። የፖሊስና የሌባ ጥያቄም አለ፣ ይሄ እንኳን ለቦታው የሚመጥን ነው፦ ሌባ 200 ሜትር ቀድሞ በሰአት 10 ኪሎሜትር እየሮጠ ነው፣ ፖሊሱ በ11 ይከተለዋል፣ መቼ ይይዘዋል? የፍጥነት ልዩነታቸው በሰአት 1 ኪሎሜትር ስለሆነ 0.2 ኪሎሜትሩን ለመዝጋት 0.2 ሰአት፣ 12 ደቂቃ መሆኑ ነው፣ ሌባው እስኪያዝ 2 ኪሎሜትር ሮጧል ማለት ነው፣ ጎበዝ ሌባ ነው።

ወለድ ላይ የሚወደደው የሁለት አመት ልዩነት ነው። 10,000 ሩፒ በ10 ፐርሰንት ለሁለት አመት፣ በተራው ወለድ 2,000 ያመጣል፣ ወለዱ ራሱ ወለድ በሚወልድበት በኮምፓውንዱ ግን 2,100። ልዩነቱ 100 ነው፣ እሱም የ10,000 አስር ፐርሰንት አስር ፐርሰንት ነው፣ ይቺን ያወቀ ሁለቱንም ወለድ ሳያሰላ መልሱን ይጽፋል። እንደዚሁ 20 ፐርሰንት ጨምሮ 20 ፐርሰንት መቀነስ ወደ መነሻው አይመልስም፣ 4 ፐርሰንት ኪሳራ ነው፣ ነጋዴ ይሄን ያለ ትምህርት ያውቀዋል።

ማባዛቱን ሳይጨርሱ ምርጫ መጣያ ዘዴም አለ። 47 ሲባዛ በ83 ስንት ነው፣ ምርጫዎቹ 3,801፣ 3,891፣ 3,901፣ 3,911 ናቸው እንበል። ሁሉም በ1 ስለሚያልቁ የመጨረሻው ዲጂት አይረዳም። የዲጂቶቹን ድምር ግን እዩት፣ 4 እና 7 አስራ አንድ፣ 1 እና 1 ሁለት፤ 83ም እንደዛው ሁለት፤ ሁለት በሁለት አራት። ከምርጫዎቹ ድምሩ አራት ላይ የሚያርፈው 3,901 ብቻ ነው። አንድ ምርጫ የዲጂቶች ቦታ ብቻ አቀያይሮ ከመጣ፣ ለምሳሌ 3,091 ቢኖር፣ ይሄ ዘዴ ይሸወዳል፣ ስለዚ መጣያ እንጂ ማረጋገጫ አታድርጉት። እነዚህን የመሰሉ አቋራጮች ገበያ ላይ "ቬዲክ ማትስ" ተብለው ይሸጣሉ፣ ቬዳ ከሚባሉት የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻህፍት የወጡ ናቸው ይባላል፣ የታሪክ አዋቂዎች ግን በቬዳዎቹ ውስጥ የሉም፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ስራ ናቸው ይላሉ። አቋራጩ ይሰራል አይሰራም የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ ይሰራል።

ስለ ኔጋቲቭ ማርክ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራል። በ2024ቱ ፈተና ትክክል 2 ማርክ ሲሰጥ ስህተት 0.5 ይቀንስ ነበር። አራት ምርጫ ላይ አይንህን ጨፍነህ ብትገምት በአማካይ የምታገኘው 0.5፣ የምታጣው 0.375 ነው፣ ትርፉ 0.125፣ እንጥፍጣፊ ናት ግን ኪሳራ አይደለም። ሁለቱን ምርጫ መጣል ከቻልክ ግን በአማካይ 0.75 ይገባል፣ ባዶ መተው ራስን መጉዳት ነው። እኔ ኪሳራ የምለው ሌላውን ነው፣ አንድ ጥያቄ ላይ እልህ ተጋብቶ 4 ደቂቃ መቆየት፣ የአምስት ጥያቄ ጊዜ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው አሰልጣኞች ማትሱን በሁለት ዙር ስሩ የሚሉት ለዚ ነው፣ መጀመሪያ አይተህ ወዲያው መንገዱ የታየህን፣ ሌላውን ምልክት አርገህ አልፈህ ስትመለስ። ከጠቅላላ እውቀት ላይ ጊዜ ተርፎ ወደ ማትስ ይሸጋገራል፣ እዛ ወይ ታውቀዋለህ ወይ አታውቀውም፣ 15 ሰከንድ በቂ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚጠናበት ቦታ ራሱን የቻለ አለም ነው። ፕራያግራጅ (በድሮ ስሟ አላሃባድ)፣ ላክናው፣ ፓትና፣ የዴልሂው ሙከርጂ ናጋር በኮቺንግ ተቋማት የታወቁ ናቸው፣ ከገጠር የመጣ ልጅ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ "ላይብረሪ" ተብሎ በወር የሚከፈልበት ወንበር ይዞ ይውላል። መጽሀፍ ያለበት ላይብረሪ እንዳይመስላችሁ፣ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ዋይፋይ እና ጸጥታ ነው የሚሸጠው። አቅም የሌለው ደግሞ በዩቲዩብ ነጻ ክላስና በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው የሚታገለው፣ እና ሞክ ቴስት (የመለማመጃ ፈተና) ሰአት ይዞ እስከሰራ ድረስ ብዙም የሚጎድልበት አይመስለኝም፣ ከክላሱ ይልቅ ሞኩ ነው የሚያሰለጥነው፣ የተሳሳተውን ጥያቄ በማግስቱ ደግሞ እስከሰራ ድረስ።

ጨካኙ ነገር ሁሉን አዘጋጅተህ ወረቀቱ ሲሰረቅ ነው። የኡታር ፕራዴሹ ፈተና ፌብሩዋሪ 17 እና 18፣ 2024 ተሰጥቶ ጥያቄው ሾልኳል ተብሎ ፌብሩዋሪ 24 ተሰረዘ፣ ከዛ ኦገስት 23፣ 24፣ 25፣ 30 እና 31 በቀን ሁለት ሺፍት እንደገና ተሰጠ። ስድስት ወር ሰንጠረዡን እንዳይረሳ ያለው ልጅ በየቀኑ ሲደጋግም ከረመ ማለት ነው። ሺፍቱ ስለበዛ የአንዱ ከሌላው ሊከብድ ስለሚችል ነጥቡ በኖርማላይዜሽን ይስተካከላል፣ ስለዚ ጓደኛህ ካመጣው ጥሬ ነጥብ ጋር ራስህን ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ጽሁፉን ያለፈ ደግሞ ሩጫ ይጠብቀዋል፣ ወንድ 4.8 ኪሎሜትር በ25 ደቂቃ፣ ሴት 2.4 በ14 ደቂቃ፣ ማለፍ ብቻ ነው የሚጠየቀው፣ ደረጃ የሚወጣው በጽሁፉ ነው። 4.8 ኪሎሜትር በ25 ደቂቃ ሲሰላ በሰአት 11.52 ኪሎሜትር ይመጣል፣ እንግዲህ ያ ቅድም የነበረው ሌባ እዚ ሜዳ ላይ ቢገኝ 12 ደቂቃ አይቆይም፣ ወደ 8 ደቂቃ ገደማ ነው የሚያዘው።