ፌኖ ምንድን ነው? በትንፋሽ የሚለካው የአየር ቧንቧ መቆጣት

ፌኖ ከሳንባ በሚወጣ ትንፋሽ ውስጥ ያለውን የናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ የሚለካ ምርመራ ነው። መርፌ የለውም፣ ወደ ጉሮሮ የሚገባ ቱቦም የለውም፤ ውጤቱ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። በዋናነት የሚያገለግለው ለአስም ነው።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣ በካይ ጋዝ ነው። ሰውነታችንም ግን ያመርተዋል፤ ይህንኑ ጋዝ የደም ሥሮችን ለማላላት እንደሚጠቀምበት ያሳዩት አሜሪካውያኑ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። በሰው ትንፋሽ ውስጥ መገኘቱ የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ስዊድን፣ ካሮሊንስካ በተባለው የሕክምና ተቋም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው የአስም ሕሙማን ትንፋሽ ከጤነኞች ይልቅ ይህን ጋዝ በብዛት እንደሚይዝ ታየ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በአለርጂ ዓይነት አስም የአየር ቧንቧው ይቆጣል፣ ማለትም ያብጣል፣ ይቀላል፤ ሰውነትም ኢንተርሊውኪን 4 እና 13 የተባሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። እነዚህ የአየር ቧንቧውን ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ጋዙን በብዛት እንዲሠሩ ያደርጋሉ። ይህ ዓይነቱ መቆጣት ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎችም ይጠራል። ቀድሞ ይህን ለማየት ብሮንኮስኮፕ በተባለ ወደ ሳንባ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ ናሙና መቁረጥ ወይም በጨው ውሃ ጉም አክታ ማስወጣት ያስፈልግ ነበር።

ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የተለመደው የሳንባ ምርመራ የሚነግረን አየር ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደሚወጣ፣ ማለትም ቧንቧው መጥበብ አለመጥበቡን ነው። መቆጣቱን አያይም። ሰውየው በደንብ እየነፋ፣ ውስጡ ግን አመድ እንደለበሰ ፍም ሊሆን ይችላል። ፌኖ የሚፈልገው ይህን ፍም ነው።

አለካኩ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታካሚው አየር በመሣሪያው በኩል እስኪሞላ ይስብና በዝግታ፣ ሳያቋርጥ ይነፋል፤ በሰከንድ 50 ሚሊ ሊትር፣ አዋቂ ለ10 ሰከንድ፣ ልጅ ለ6 ሰከንድ ያህል። ጠንክሮ ከነፋ ቁጥሩ ያንሳል፣ ቀስ ካለ ይበዛል። ስፓይሮሜትሪ የለመደ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ስለሚነፋ መጀመሪያ ላይ ሊያስቸግረው ይችላል። መሣሪያው ትንሽ ግፊት እንዲኖር የሚያደርገውም በምክንያት ነው፤ ግፊቱ ከአፍ ወደ አፍንጫ ያለውን መተላለፊያ ይዘጋል። አፍንጫና ሳይነስ ከሳንባ እጅግ የበለጠ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚያመነጩ፣ ከተቀላቀለ ልኬቱ ከንቱ ነው።

ውጤቱ የሚነገረው በአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ጋዙ ስንት ክፍል እንደያዘ ነው። የአሜሪካ ቶራሲክ ማኅበር (የሳንባ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር) በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ከ25 በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ ነው፤ ለልጆች 20 እና 35። በብሪታንያ የ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያ ደግሞ የአስም ምልክት ያለበት አዋቂ 50ና ከዚያ በላይ ካሳየ አስም ነው ብሎ ለመወሰን ይበቃል።

ቁጥሩን የሚያዛቡ ነገሮች አሉ። ሲጋራ ዝቅ ያደርገዋል። አለርጂክ የአፍንጫ ሕመም ከፍ ያደርገዋል። ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥርም በሰውነት ውስጥ ወደዚሁ ጋዝ ሊለወጥ የሚችል ናይትሬት የተባለ ውህድ ስለሚበዛባቸው ከፍ ያደርጉታል፤ የጾም በያይነቱ በልቶ የሚመረመር ሰው ይህን ለሐኪሙ ቢነግር መልካም ነው። ስፓይሮሜትሪም የሚደረግ ከሆነ ፌኖ ይቅደም። ሳንባ ምችንና ቲቢን ለመለየት ግን አይሆንም፤ ዝቅተኛ ቁጥርም አስም የለም ማለት አይደለም፣ ኢዮሲኖፊል የማይሳተፍበት አስም አለና።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ከሕክምናው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በፓፍ የሚሳበው ስቴሮይድ የተባለው መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩን ያወርደዋል። ስለዚህ ከፍተኛ ፌኖ ይህ መድኃኒት ሊረዳ እንደሚችል ይጠቁማል። መድኃኒቱ ታዞም ካልወረደ፣ ሐኪሙ መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ታካሚው በየቀኑ መሳቡንና አሳሳቡን ቢያይ ይሻላል። ፓፍ ሱስ ይሆናል ብለው በሥጋት የሚያቋርጡ አሉ፤ እነሱን ቁጥሩን እያሳዩ ማነጋገር ከቁጣ ይልቅ ይረዳል። ቁጥሬ ወርዷል ብሎ በራስ ውሳኔ ስቴሮይዱን ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ ያወረደው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።