ስጋት እያለ መጓዝ፦ የደሴና የኮምቦልቻ መንገደኞች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጦሳ ተራራ ሥር የምትገኘው ደሴና ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ግሸን ማርያምን ወይም ላሊበላን ለሚያስብ መንገደኛ ማረፊያ ናቸው። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. መኸር በጦርነቱ ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ተለቀዋል፤ የደሴ ሙዚየምም በዚያው ወቅት ተዘርፏል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት በመባባሱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

የውጭ ጎብኚ ስጋቱን የሚለካው በአመዛኙ የአገሩ መንግሥት በሚያወጣው የጉዞ ማሳሰቢያ ነው። ማሳሰቢያው ሰፊ አካባቢን በጅምላ ይፈርጃል፤ ብዙ የጉዞ መድን ድርጅቶችም እርሱን ተከትለው ዋስትና ይነፍጋሉ። የአገሬው ሰው ግን መንገዱን የሚያውቀው በየቁራጩ ነው። ደሴ ላለ ዘመዱ ይደውላል፣ ሾፌር ያጠያይቃል፦ «መንገዱ ሰላም ነው?» መልሱ ለዚያ ቀንና ለዚያ መንገድ ብቻ የሚያገለግል ቢሆንም፣ ከማሳሰቢያው ይልቅ ለእውነታው የቀረበ ይመስለኛል።

ሶንሜዝና ግሬፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን አካባቢ ቀድሞ ያየ ሰው ተመልሶ ለመሄድ ያለው ፍላጎት ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያስረዳል፦ ሰው ድርጊቱና እምነቱ ሲጋጩበት እምነቱን ወደ ድርጊቱ ያስጠጋል። ቲኬት የቆረጠ ጎብኚ «አደጋ የትም አለ»፣ «ከተማው ውስጥ ምንም የለም» ማለት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የግሸን ተሳላሚ ከዚህ ይለያል። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው ንግሥ ስለት ይዞ የሚወጣ ምእመን አደጋውን አያሳንሰውም። አምባው ገደል መሆኑን፣ መንገዱ እንደሚያስፈራ እያወቀ ይሄዳል፤ ለእርሱ ከመንገዱ ይልቅ ስለቱን ሳያደርስ መቅረት ይከብደዋል። ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

«ገንዘቤ አካባቢውን ይጠቅማል» የሚለው ማመካኛ ግማሽ እውነት አለው፤ ጎብኚ የራቀው ሆቴልና አስጎብኚ ይጎዳልና። ነገር ግን ስጋቱ እኩል አይከፋፈልም። ጎብኚው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሾፌሩ ደግሞ የቤተሰቡ መተዳደሪያ በሆነው መኪና ያንኑ መንገድ በማግሥቱ ይደግመዋል። ሾፌሩ ያመነታበትን መንገድ ክፍያ ጨምሮ ማስኬድ ስጋቱን በእርሱ ላይ መጫን ነው።