ከመሬት በታች የሚኖሩ እንስሳትና የጉድጓድ ሕይወት ዝግመተ ለውጥ

ምድርን እየቆፈሩ በውስጧ መኖር እጅግ ጥንታዊ የሆነ የእንስሳት አኗኗር ነው። ካምብሪያን የተባለው የምድር ታሪክ ዘመን መነሻ እንኳ የሚለየው በአንድ የቁፋሮ ዱካ ነው፤ ከ539 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ትል መሰል ፍጡር የባሕር ደለል እየሰረሰረ የተወው ይህ ዱካ ትሬፕቲክነስ ፔደም ይባላል፤ የወሰኑ መለያ ሆኖ የተመረጠውም በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በሚገኝ የባሕር ዳር ገደል ላይ ነው። ከዚያ በፊት የባሕሩ ወለል አብዛኛው በረቂቅ ተሕዋስያን ንጣፍ የተሸፈነ ነበር። ቆፋሪዎቹ ንጣፉን እየበሱ ወደ ታች ሲወርዱ ኦክሲጅንም አብሯቸው ዘለቀ፤ ደለሉም ለሌሎች መኖሪያ ሆነ።

በየብስ ላይ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የካሩ አለቶች ውስጥ ዲክቶዶን የተባለው የአጥቢ እንስሳት የሩቅ ዘመድ ከ255 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከቆፈረው ጠመዝማዛ ጉድጓድ ጋር ተገኝቷል። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ግዙፍ ጥምዝ ድንጋዮች በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ሲገኙ ደግሞ በመጀመሪያ ስፖንጅ የተባለው የውኃ እንስሳ፣ ቀጥሎም የዕፅዋት ቅሪት መስለው ነበር። ግምቱ የተስተካከለው የፓሌዮካስተር፣ ማለትም በየብስ ይኖር የነበረ የጥንት ቢቨር፣ አፅም በውስጣቸው በመገኘቱ ነው።

ጉድጓድ ከአዳኝ፣ ከሐሩርና ከቁር ይከልላል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ጎፈር በተባለው የሰሜን አሜሪካ አይጥ መሰል እንስሳ ላይ የተደረገ ልኬት እንደሚያሳየው፣ አፈር እየቆፈሩ አንድን ርቀት መሄድ ያንኑ ርቀት በምድር ገጽ ላይ ከመራመድ ከ360 እስከ 3,400 እጥፍ ጉልበት ይፈጃል። እንዲህ ያለው ወጪ ለአባካኝ አካል ቦታ ስለማይተው፣ ዝምድና የሌላቸው ቆፋሪዎች እየቆዩ መልካቸው ተቀራረበ። የአውሮፓ ፍልፈል፣ ልጁን በኪስ የሚያሳድገው የአውስትራሊያ ፍልፈል እና ከሌሎቹ ይልቅ ለዝሆን የሚቀርበው ወርቃማው የአፍሪካ ፍልፈል ሁሉም ድብልብል አካል፣ አጭር እግርና የደከሙ ወይም የጠፉ ዓይኖች አሏቸው። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራታችን ከዘር ሐረጋቸው ይልቅ ሥራቸውን ያየ አጠራር ነው፤ ፍልፈል የሚለው ስም ራሱ ፈለፈለ ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳልና።

የመቆፈሪያው መሣሪያ ግን ይለያያል። ከላይ የተጠቀሱት ፍልፈሎች በዋናነት በፊት እግራቸው ሲቆፍሩ፣ ሲሲሊያ የተባሉት እግር አልባ የእንቁራሪት ዘመዶች አፈሩን በጭንቅላታቸው ይገፋሉ። አጥንት የሌለው የምድር ትል ደግሞ በአካሉ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በጡንቻው እየጨመቀ አፈሩን ወደ ጎን ይለጥጣል።

በጨለማ ውስጥ ዓይን ቢደክምም ብርሃን ፈጽሞ ከንቱ አይሆንም። ስፓላክስ የተባለው አይጥ መሰል ቆፋሪ ዓይኖች ከቆዳ በታች ተሸፍነው የቀሩ ቢሆኑም፣ ቀንና ሌሊትን ለይተው የአካሉን ሰዓት ያስተካክላሉ። ይኸው እንስሳ የጉድጓዱን ጣሪያ በጭንቅላቱ እየመታ በንዝረት ለጎረቤቱ መልእክት ይልካል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ የሚኖረው ፀጉር አልባው ፍልፈል ነው። አፈሩን የሚቆፍረው ከከንፈሩ ውጭ በበቀሉ ጥርሶቹ በመሆኑ፣ ከንፈሩን ከኋላቸው ገጥሞ አፈር ሳይውጥ ይሠራል። እንደ ንብ በአንዲት ንግሥት ሥር ይኖራል፤ ከሴቶቹ መካከል የምትወልደውም እርሷ ብቻ ናት። ብዙ ሆነው በተጨናነቁበት ጉድጓድ አየሩ ስለሚታፈን፣ ኦክሲጅን ፈጽሞ በሌለበት 18 ደቂቃ ያህል መቆየት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሴሎቹ ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር ያለ ኦክሲጅን እያቃጠሉ ኃይል ያገኛሉ። ዕድሜውም ከ30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም አይጥን ለሚያክል እንስሳ ከልክ ያለፈ ነው።

የአንዱ ቁፋሮ ለሌላውም ይተርፋል። ምስጥና ጉንዳን የሚበላው አዋልዲጌሳ ትቶት የሚሄደውን ጉድጓድ ጃርት፣ እባብና አንዳንድ ወፎች ሳይቀሩ ይወርሱታል። ከርከሮም በተዘጋጀው ጉድጓድ ያድራል፤ የሚገባው ግን ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው፤ ይህም ክራንቻው ወደ መግቢያው እንዲያይ ነው።