ማክቤዝን ከደሴ ሆኖ ማንበብ

ማክቤዝ ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1606 አካባቢ የጻፈው ባለ አምስት ገቢር ትራጄዲ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ፀፀት ሰውን እንዴት እንደሚያፈርስ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። የስኮትላንዱ የጦር መሪ ማክቤዝ ከሦስት ጠንቋዮች ንጉሥ ትሆናለህ የሚል ትንቢት ይሰማል። ሚስቱ ትገፋፋዋለች። እሱም ንጉሡን ዳንከንን ቤቱ አሳድሮ፣ በተኛበት ይገድለዋል። የወሎ አንባቢ ገና እዚህ ላይ ይሸማቀቃል። እንግዳ ነዋ! ማክቤዝ ራሱም ያውቀዋል፤ በር ዘግቼ ልጠብቀው ሲገባኝ ይላል። እውነተኛው ማክቤዝ ከ1040 እስከ 1057 እ.ኤ.አ. የነገሠ ሰው ነው። እውነተኛው ዳንከን ግን የሞተው በጦርነት ነው።

ፀፀቱ ግድያውን ይቀድማል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጩቤ ይታየዋል። ከገደለ በኋላ ደግሞ «አሜን» ማለት ያቅተዋል፤ እንቅልፍም ይርቀዋል። ከዚያ ወዳጁን ባንኮን ያስገድላል። በዚያው ምሽት ግብር ላይ የባንኮ መንፈስ ወንበሩን ይዞበት ያገኘዋል። ከሱ በቀር ማንም አያየውም። ደሴ ላይ ይህን ትዕይንት ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ማንንም የማይጠየፍ አዳራሽ ሞልቶ፣ ጋባዡ ባዶ ወንበር ላይ ሲጮህ ማሰብ ነው።

የሚስቱ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ውሃ ያጠራናል ብላ የምታጽናናው እሷ ናት። በአምስተኛው ገቢር በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን ትፈትጋለች። ደሙ አይለቅም፣ ሽታውም አይጠፋም። መብራት ሁሌ አጠገቧ እንዲበራ አዛለች። ቀድሞ በስንኝ ትናገር የነበረችው ሴት አሁን በተሰባበረ ዝርው ነው የምታወራው። ይህን ልብ ያላለ ተማሪ ግማሹን አጥቷል። ማክቤዝ በተቃራኒው እየደነዘዘ ይሄዳል፤ ሴቶች ሲጮሁ ሰምቶ የፍርሃትን ጣዕም ልረሳው ምንም አልቀረኝም ይላል። አሟሟቷ ያከራክራል። በራሷ እጅ ነው የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ግን «ይባላል» ተብሎ ነው። 

ወሎ ለዚህ ጥናት የራሷ መነጽር አላት፦ አበጋር የሚባለው ባህላዊ የዕርቅ ሽምግልና። ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ሲመጣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ይቀመጣሉ። ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። በእኔ እይታ የማክቤዝን ቤት ያፈረሰው የዚህ ዓይነት ቦታ ማጣት ነው። ባልና ሚስቱ ጥፋታቸውን የሚናዘዙለት ሰው የላቸውም። እሷ የምትናዘዘው ተኝታ ብቻ ነው።

የሚከታተላት ሐኪም ይህን በእንቅልፍ ልብ መሄዷን ለማየት ሁለት ሌሊት ነቅቶ ምንም አላገኘም ነበር። ደንገጡሯን ምን ስትል ሰማሽ ብሎ ይጠይቃታል። ምስክር የለኝምና አልናገርም ትለዋለች። በኋላ እሱም በጆሮው ይሰማል። ከሐኪም ይልቅ የእግዚአብሔር ሰው ያስፈልጋታል ይላል። ከዚያም አስባለሁ፣ መናገር ግን አልደፍርም ብሎ ይሄዳል።