ሁሉም ሃይንሪሽ፦ የሮይስ መሳፍንት ቤት

በምሥራቅ ጀርመን፣ ዛሬ ቱሪንጂያ በሚባለው ግዛት፣ ግራይዝንና ጌራን ለዘመናት ይገዛ የነበረ ሮይስ የሚባል የመሳፍንት ቤት አለ። እዚህ ቤት ወንድ ሲወለድ በስም የሚጨነቅ የለም። ስሙ ሃይንሪሽ ነው። ወንድሙም፣ አጎቱም፣ የአጎቱ ልጅም ሃይንሪሽ ናቸው። በቤቱ ወግ መሠረት ስሙ የመጣው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለነገሠው ለንጉሠ ነገሥት ሃይንሪሽ 6ኛ ክብር ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያያሉ? በቁጥር። ሌላ ቦታ ቁጥር የሚሰጠው ለነገሠ ሰው ነው። እዚህ ግን ለተወለደ ወንድ ሁሉ ነው፤ በሕፃንነቱ ቢሞትም ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ የልደት ተራ እንጂ የሥልጣን ተራ አይደለም።

ቤቱ በ1564 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለሦስት ተከፈለ። መካከለኛው ሐረግ በ1616 ጠፋ። የቀሩት ታላቁና ታናሹ በአቆጣጠር እንኳ አልተስማሙም። ታላቁ እስከ 100 ቆጥሮ እንደገና ከ1 ሊጀምር ወሰነ። ታናሹ ደግሞ በየክፍለ ዘመኑ መባቻ ከ1 ይጀምራል። ግራ የሚያጋባው ይኼኛው ነው። በታናሹ ሐረግ 62ኛው ሃይንሪሽ በ1854 ሲሞት ወንድሙ 67ኛው አልጋውን ወረሰ። በ1867 እሱን የተካው ልጁ ግን 14ኛው ሃይንሪሽ ነው። ሰውየው የተወለደው በ1832፣ አዲሱ ቆጠራ ከተጀመረ በኋላ ነዋ!

ግራይዝ ላይ የተቀመጠው ታላቁ ሐረግ 100 ሊደርስ ቀርቶ ሩቡንም አልሞላም። 22ኛው ሃይንሪሽ ኃያሏን የጀርመን መንግሥት ፕሮሲያን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። በ1902 ሲሞት አልጋው ለ24ኛው ደረሰ። እሱ ግን በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ ምክንያት መግዛት አልቻለም፤ የታናሹ ሐረግ መሳፍንት እንደራሴ ሆነው አስተዳደሩለት። በ1927 ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ ቆጠራውም 24 ላይ ቆመ። እህቱ ሄርሚነ ከዙፋኑ የወረደውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ቪልሄልም 2ኛን በ1922 አግብታ ነበር።

ሥልጣኑ ራሱ በ1918 አብዮት አክትሟል። ሁለቱ ግዛቶች ተዋሐዱና በ1920 ቱሪንጂያ ውስጥ ገቡ። የቤቱ ውርስ ግን ቀጠለ። ይገዛ የነበረው የታናሹ ሐረግ ቅርንጫፍ የመጨረሻ ወራሽ 45ኛው ሃይንሪሽ ልጅ አልነበረውም። በ1935 ከዚሁ ሐረግ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ከኮስትሪትዝ፣ አንድ ወጣት በማደጎ ወሰደ። የልጁ ስም? ሃይንሪሽ 1ኛ፤ በ1910 የተወለደ። በወረቀት ላይ 45ኛው የ1ኛው አባት ሆነ ማለት ነው። በ1945 ሶቪየቶች 45ኛውን አሠሩት፤ ከዚያ አልተመለሰም።

የቤቱ አለቅነት ወደ ኮስትሪትዞች አለፈ። ከ2012 ጀምሮ የቤቱ አለቃ በ1955 የተወለደው 14ኛው ሃይንሪሽ ነው፤ የ1832ቱ ሳይሆን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቆጠራ 14ኛ። በ2022 መጨረሻ የጀርመንን መንግሥት በኃይል ለመገልበጥ አሲሯል ተብሎ ተይዞ የተከሰሰው፣ በዜና ሁሉም ያየው ልዑል ደግሞ 13ኛው ነው። በቁጥርም በዕድሜም ይቀድማል፤ አለቃው ግን 14ኛው ነው፣ ከ13ኛውም ራሱን በይፋ አርቋል።