በጎ አድራጎት ድርጅት ለመምራት በጎልማሳነት ዩኒቨርሲቲ መመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅ አሳድገው፣ ለዓመታት ሥራ ላይ ቆይተው፣ «አሁን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መምራት እፈልጋለሁ፤ ለዚያም ልማር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸውን ሲያወሩ የሚሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ ወኔ ይሰልባል። አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው።

«በዚህ ዕድሜ ጭንቅላቴ ትምህርት አይቀበልም»

አዲስ ነገር ቶሎ የመያዝ ፍጥነት ከወጣትነት በኋላ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። አእምሮ ግን ፍጥነት ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሬይመንድ ካቴል ሁለት ዓይነት ችሎታ ለይቷል። አንዱ ያልለመዱትን ችግር እዚያው መፍታት ነው። ሌላው በኑሮ የተጠራቀመ እውቀት ነው፤ ይሄኛው ከጎልማሳነት በኋላም ማደጉን ይቀጥላል። የአመራር ትምህርት ደግሞ በብዛት የሚጠይቀው እሱን ነው። ሽምደዳ ላይ ወጣቱ ይቀድምዎት ይሆናል። «ቦርዱና ሥራ አስኪያጁ ቢጋጩ ምን ይደረግ?» ሲባል ግን የሚሉት ነገር ይኖርዎታል፤ ሰው ሲጣላም ሲታረቅም አይተዋልና።

«ለበጎ ሥራ ቅን ልብ ይበቃል»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ለጋሽ ለውሃ ጉድጓድ ብሎ ገንዘብ ሰጠ እንበል። የሠራተኛ ደመወዝ ሲዘገይ መሪው አዘነና ከዚያ ላይ ከፈለ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ለአንድ ዓላማ ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ያለ ለጋሹ ፈቃድ ለሌላ አይውልም። ኦዲት ሲመጣ ነገሩ ይወጣል፤ ለጋሹ ይሸሻል፤ ጉድጓዱም ሳይቆፈር ይቀራል። ዋጋውን የሚከፍሉት ውሃ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

የሂሳብ ሪፖርት ማንበብ፣ የቦርድን ሥራ ከሥራ አስኪያጅ ሥራ መለየት፣ ፕሮጀክቱ በእርግጥ ለውጥ ማምጣቱን መለካት፤ እነዚህ በቅንነት ብቻ አይመጡም። እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዚህ ሙያ ራሱን የቻለ ማስተርስ መስጠት የጀመሩት በከንቱ አይደለም።

«ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ገንዘብ ሊተርፈው አይገባም»

ሊተርፈው ይችላል፤ ቢተርፈውም ጥሩ ነው። የተከለከለው የተረፈውን ለመሥራቾች ወይም ለአባላት መከፋፈል ነው። መጠባበቂያ የሌለው ድርጅት ዋናው ለጋሽ የወጣ ቀን ይንገዳገዳል። የአስተዳደር ወጪን እንደ ኃጢአት ማየትም የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድርጅቶችን የሚመዝኑ ሦስት የአሜሪካ ተቋማት፣ ጋይድስታርና ቻሪቲ ናቪጌተር ያሉበት፣ ለለጋሾች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ የአስተዳደር ወጪ ድርሻ ብቻውን የድርጅትን ብቃት እንደማያሳይ ተናግረዋል። ጥሩ ሂሳብ ሠራተኛም ሆነ ሥልጠና ያለ ወጪ አይገኝም።

«ለመማር ሥራ መልቀቅ ግድ ነው»

አይደለም። የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ፣ የርቀት ትምህርት አለ። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት ይጠይቁ።

«ዲግሪውን ከያዝኩ ወንበሩ የእኔ ነው»

እዚህ ላይ ማንንም መሸንገል አልፈልግም። ፍራንሲስ ሄሰልባይን የአሜሪካን የልጃገረዶች ስካውት ድርጅት፣ ገርል ስካውትስን፣ መምራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ60 ዓመቷ ነበር። የኮሌጅ ዲግሪ አልነበራትም። የነበራት ከአንዲት አነስተኛ ቡድን በጎ ፈቃደኛ መሪነት ተነስታ ደረጃ በደረጃ ያካበተችው ልምድ ነው። ዲግሪ ይህን አይተካም። ስለዚህ እየተማሩ ጎን ለጎን በአንድ ድርጅት ውስጥ ያገልግሉ፤ የቦርድ አባልነት ካገኙ ደግሞ እሰየው።

ከመመዝገብዎ በፊትም የሚያውቁትን ድርጅት ዓመታዊ የሂሳብ ሪፖርት ጠይቀው ያንብቡ። ያልገባዎት ገጽ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ የኮርሶቹን ዝርዝር ከምልክቶችዎ ጋር ያስተያዩ፤ የትኛው ፕሮግራም እንደሚጠቅምዎት ያኔ ይታይዎታል።